ጓደኛዬን ያስቆረጥኳት አንቀጽ

ውድ አማካሪ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎን የማውቅዎት በእናቴ በኩል ነው። ዓምድዎን በስልኳ ትከፍትና ሁላችንም ቤት ካለን ጮክ ብላ ታነብልናለች። እኔ ወደ አሜሪካ የመጣሁት በ7 ዓመቴ ስለሆነ አማርኛ መጻፍ የተማርኩት እዚህ ነው። ያስተማረችኝ አያቴ ናት። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ትደውልና የፊደል ገበታውን ካሜራው ፊት ይዛ አንድ በአንድ ታስቆጥረኝ ነበር። እጇ ሲዝል ገበታው ያዘነብላል፤ እኔም አንገቴን አዘንብዬ አነባለሁ። ስለዚህ የተሳሳትኩት ፊደል ቢኖር ይታገሱኝ። ጉዳዩን በእንግሊዝኛ የማዋየው ሰው አላገኘሁም፤ ትምህርት ቤታችን ውስጥ እኔን የሚያውቅ ሁሉ ጓደኛዬንም ያውቃታልና።

የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ የማንለያይ ጓደኛ አለችኝ። እሷም የሐበሻ ልጅ ናት፤ እናቶቻችንም ወዳጆች ናቸው። አሁን ሁለታችንም ለአንድ ታዋቂ የግል ዩኒቨርሲቲ በኧርሊ ዲሲዥን፣ ማለትም ቀደም ብሎ በሚላከው አስገዳጅ ማመልከቻ፣ ልናመለክት ነው። ቀድሜ የተመኘሁት እኔ ነበርኩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የግቢው ፎቶ አልጋዬ አጠገብ ተለጥፏል። እሷ ባለፈው ጁላይ ከአጎቷ ጋር ሄዳ ጎብኝታው መጣችና «እኔም እዚያ ነው የማመለክተው፤ አብረን እንሆናለን» አለችኝ። ደስ ያለኝ መስዬ አቀፍኳት። በውጤት ትበልጠኛለች። ብዙ አይደለም፣ ግን ትበልጠኛለች። ክፍል ውስጥ ደግሞ «ያ ዩኒቨርሲቲ ከአንድ ትምህርት ቤት ከአንድ ልጅ በላይ አይወስድም» ይባላል።

ከሁለት ሳምንት በፊት ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ድርሰቷን እንዳነብላት በኢሜይል ላከችልኝ። ስለ አባቷ ነው። አባቷ ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል በጽዳት ይሠራል። ጠዋት እሱ ሲገባ እሷ ለትምህርት ቤት ስትወጣ በር ላይ ይተላለፋሉ፤ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደሚባባሉ የጻፈችበት አንቀጽ አለ። አንብቤው አለቀስኩ። ከዚያ ደወልኩላትና «ይህ አንቀጽ ሐዘኔታ የምትለምኚ ያስመስልሻል፤ ቁረጪውና የሳይንስ ክበቡን አስፊው» አልኳት። አመነችኝ፤ ቆረጠችው። ማታ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» የሚል መልእክት ላከችልኝ።

የእኔ አባት ሌሊት ታክሲ ነው የሚነዳው። የእኔ ድርሰት ስለ ሮቦቲክስ ውድድር ነው።

እናቴ «የት እንዳመለከትሽ ለማንም አትናገሪ፤ በዚህ ጊዜ ወዳጅ የሚባል የለም» ትለኛለች። ለጓደኛዬ እውነቱን ልንገራት? ብነግራት ጓደኝነታችን ያበቃለታል። ባልነግራትና እሷ ሳትገባ ብትቀር የጣልኳት እኔ ነኝ። እኔ ብገባ ደግሞ በዚያ አንቀጽ ላይ ተረማምጄ የገባሁ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ወይስ ለእሷ ልተውላትና ሌላ ቦታ ላመልክት? የማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ኖቬምበር 1 ነው፤ 12 ቀን ቀርቶታል። እንቅልፍ የለኝም።

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከቨርጂኒያ

መልስ

(ቀኑ የማይጠብቅ ስለሆነ ይህ መልስ ደብዳቤው በደረሰኝ ማግስት ለጠያቂዋ በኢሜይል ተልኮላታል። እዚህ የሚወጣው ኖቬምበር 1 ካለፈ በኋላ፣ በእሷ ፈቃድና መለያ ሊሆኑ የሚችሉ ነገሮች ተለውጠው ነው።)

ልጄ፣

የቀረውን ከማንበብሽ በፊት ኢሜይልሽን ክፈቺ። ጓደኛሽ የላከችልሽ ድርሰት፣ ያ አንቀጽ ያለበት፣ እዚያው ተቀምጧል። እሷ ከኮምፒውተሯ አጥፍታው ሊሆን ይችላል፤ አንቺ ዘንድ ግን አለ። መልሰሽ ላኪላትና እነዚህን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፊላት፦ «የአባትሽን አንቀጽ መልሺው። ቁረጪው ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ከድርሰቱ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።» ለዛሬ ማታ ይህ ይበቃል።

ለምን ዛሬ እንዳልኩሽም ልንገርሽ። ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሚያገለግለው የጋራ ማመልከቻ፣ በኮመን አፕ፣ የሚላክ ድርሰት ማመልከቻው እስኪላክ ድረስ የቱንም ያህል ጊዜ ሊለወጥ ይችላል፤ ርዝመቱ ግን ከ650 ቃል ማለፍ አይችልም። አንቀጹ ሲመለስ በአንቺ ምክር ያሰፋችው የሳይንስ ክበብ ታሪክ ቦታ መልቀቅ አለበት። መግቢያውንና መጨረሻውንም እንደገና ማየት ይኖርባታል። ይህን በመጨረሻው ሌሊት ከሠራችው ይበላሽባታል፤ ዛሬ ከጀመረች ግን ተረጋግታ ትሠራዋለች። ምናልባት ቸኩላ አስገብታው ከሆነ ደግሞ ለዚያ ዩኒቨርሲቲ የሄደውን በራሷ መለወጥ አትችልም፤ ሆኖም ለተማሪ መቀበያው ቢሮ ጽፋ መጠየቅ አይከለከልም፤ ለሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚላከውንም ማስተካከል ትችላለች። ስለዚህ በዚህም ሆነ በዚያ ዛሬ ማወቅ አለባት።

ላክሽላት? እንግዲህ ተረጋግተሽ አንብቢ።

«ልንገራት ወይስ ልተወው» ብለሽ ነው የጠየቅሽኝ። እኔ በጥያቄሽ ውስጥ የማየው ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ነው። አንደኛው ድርሰቷ ነው፤ እሱ ቀን የተቆረጠለት ስለሆነ አሁን ጀምረሽለታል። ሁለተኛው ለምን እንዲያ እንዳልሻት ነው። ዛሬ የላክሽላት መልእክት እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። «ልክ አልነበረም» ስትያት ጥሩ አንባቢ ያልሆነች ጓደኛ የተሳሳተች ይመስላታል፤ ምናልባትም ስላሰብሽላት ደግማ ታመሰግንሽ ይሆናል። ያ ሁለተኛው ምስጋና ከመጀመሪያው የባሰ እንዳይከብድሽ እፈራለሁ። አንዳንድ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም አልፈርድበትም። የተበላሸው ከተቃና በኋላ ክፋትን ዘርዝሮ መናገር ተናጋሪውን አሳርፎ ሰሚውን ብቻ የሚያቆስልበት ጊዜ አለ። እኔም በዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ።

ያሰብኩትን ልንገርሽ። ንገሪያት፤ ደግሞ ከኖቬምበር 1 በፊት። ምክንያቴ አንድ ነው፦ ሌሎች ምክሮችሽን አሁንም ይዛ እየሠራች ነው። የድርሰቷን ሌላ ክፍል አይተሻል? ዩኒቨርሲቲው ለብቻው በሚጠይቃቸው አጫጭር ጽሑፎች ላይስ አስተያየት ሰጥተሻል? የቱን ምክር በቅን ልብ፣ የቱን በሌላ ልብ እንደሰጠሻት አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። እሷም ይህን አውቃ ከፈለገች ጽሑፎቿን ለእንግሊዝኛ መምህሯ የማስነበብ ዕድል ሊኖራት ይገባል። ይህ መብቷ ይመስለኛል።

በስልክ መልእክት አትንገሪያት። በዚህ ሳምንት መጨረሻ ለብቻችሁ የምትሆኑበት ቦታ ፈልጊ፤ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ በእግር እየሄዳችሁም ቢሆን። በጣም አታራዝሚው። «አንቀጹን ሳነበው አለቀስኩ። በጣም ጥሩ ስለነበረ ቀናሁብሽ፤ አውቄ ነው ያስቆረጥኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ» ብትያት በቂ ነው። ተጨንቄ ስለነበር፣ እንቅልፍ ስላልነበረኝ፣ እናቴ እንዲህ ስላለችኝ እያልሽ አትደርድሪ። ብታለቅሺም አልቅሺ፣ ግን እሷ እንድታባብልሽ አታድርጊ። እዚያው ይቅር እንድትልሽም አትጠብቂ። ልትቆጣ ትችላለች፤ ዝም ብላሽ ልትሄድ ትችላለች፤ ለሳምንታት ላታናግርሽ ትችላለች። ጓደኝነታችሁ ያበቃል ብለሽ ፈርተሻል፤ አያበቃም ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። እኔ የማውቀው እንቅልፍ ያሳጣሽ ጓደኝነት ገና እንዳልሞተ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ደብዳቤሽን ስጨርስ ወደ ኋላ ወደ መለሰኝ ነገር ልሂድ። ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ለብቻቸው መስመር ላይ አስቀምጠሻል፦ የእኔ አባት ሌሊት ታክሲ ነው የሚነዳው፤ የእኔ ድርሰት ስለ ሮቦቲክስ ውድድር ነው። ለምን እንደጻፍሻቸው አላብራራሽም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ያንን አንቀጽ ስታነቢ ያመመሽ ጓደኛሽ ቦታሽን ትወስዳለች የሚለው ነው? ወይስ አንቺም ቤት ያለውን፣ ማንም ሊያየው የማይፈልገው የሚመስልሽን ነገር እሷ ደፍራ መጻፏ?

ሁለተኛው ይመስለኛል። ተሳስቼም ሊሆን ይችላል፤ ግን ሰው በውጤት በሚበልጠው ሰው ሲቀና እንባው አይመጣም። አንቺ ያለቀስሽው አባትሽን አይተሽ ነው። ለጓደኛሽ «ሐዘኔታ የምትለምኚ ያስመስልሻል» ስትያት፣ ለራስሽ ቀደም ብለሽ የነገርሻትን ነገር ይሆን የደገምሽላት? የሮቦቲክሱን ድርሰት ስትጀምሪስ ከዚያ በፊት አስበሽ የተውሽው ሌላ ርዕስ ነበር?

ስለ አባትሽ ጻፊ ማለቴ አይደለም። እሱ አሁን የጓደኛሽ ቦታ ነው፤ ብትነኪው ሌላ ቁስል ይሆናል። ነገር ግን ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ስትጽፊ ሳታስቢው ያስቀመጥሽው ነገር አለ። አያትሽ ከባሕር ማዶ ገበታውን ካሜራ ፊት ይዛ፣ እጇ ሲዝል ገበታው ሲያዘነብል፣ አንቺም አንገትሽን አዘንብለሽ ስታነቢ። ይቅርታ ለመጠየቅ ብለሽ ነው የጻፍሽው፤ እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ደብዳቤ አነባለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥዕል በየቀኑ አይገጥመኝም። ስለ ሮቦቲክስ ውድድር የሚጽፍ ተማሪ ብዙ ነው። ያዘነበለ ገበታ ላይ ፊደል የቆጠረች ልጅ ግን እኔ ከአንቺ ሌላ አላውቅም። ሮቦቲክሱን ከልብሽ የምትወጂው ከሆነ አትተዪው፤ ማመልከቻው ላይ ትምህርት ቤት ውስጥ የምትሠሪው ሁሉ የሚዘረዘርበት የራሱ ቦታ ስላለ እዚያ ይታይልሻል። የቀሩሽ ቀናት አዲስ ሰው ለመሆን አይበቁም፤ አንድ እውነተኛ ገጽ ለመጻፍ ግን ይበቃሉ። አንድ ማታ ብቻ ስጪውና ሞክሪው። ካልሆነልሽ የነበረው አለ።

ክፍል ውስጥ የሚወራው ነገርም መልስ ይፈልጋል፤ ግማሽ ችግርሽ የተወለደው ከዚያ ነውና። ዩኒቨርሲቲዎች ከአንድ ትምህርት ቤት ይህን ያህል ተማሪ ብቻ እንወስዳለን የሚል ኮታ የለንም ይላሉ፤ በአንዳንድ ዓመት ከአንድ ትምህርት ቤት ሦስት አራት ልጆች ሲገቡ፣ በሌላ ዓመት አንድም ሳይገባ ሲቀር ይታያል። ይሁን እንጂ ወሬው ከመሬት አልተነሣም። በብዙ ቦታ የአንድ አካባቢን ማመልከቻዎች የሚያነበው ያው የአካባቢው ኃላፊ ስለሆነ የሁለታችሁም ማመልከቻ አንድ ሰው ፊት መቅረቡ አይቀርም። የትምህርት ቤታችሁ አማካሪ የሚልከው የትምህርት ቤቱ መግለጫም አለ፤ ምን ዓይነት ትምህርቶች እንደሚሰጡና ውጤቱ እንዴት እንደሚሰላ ያሳያል። ውጤታችሁ የሚታየው ትምህርት ቤታችሁ ከሰጣችሁ ዕድል አንጻር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ፈጽሞ አትነጻጸሩም ብልሽ ውሸት ይሆናል።

ግን እስቲ ቁጥሩን ተመልከቺ። ሀርቫርድን ብንወስድ በቅርብ ዓመታት በየዓመቱ ወደ 50,000 የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ማመልከቻ ይደርሰዋል፤ የሚቀበለው 2,000 ገደማ ተማሪ ነው። የአንቺ ዩኒቨርሲቲ ቁጥሩ ያነሰ ቢሆንም ነገሩ ይመሳሰላል። በኦሃዮ፣ በቴክሳስ፣ በሴኡል፣ በናይሮቢ ስማቸውን የማታውቂያቸው ልጆች በዚህ ሰዓት ድርሰታቸውን እያረሙ ነው። ከእነዚያ ሁሉ የፈራሽው አንዷን ብቻ፣ ፊቷን የምታውቂያትን ነው። ከምሳ ጠረጴዛሽ ማዶ የተቀመጠችው፣ ሳቋን የምታውቂው እሷ ስለሆነች ውድድሩ ሁሉ የእሷን መልክ ያዘ። እሷ ዛሬ ማመልከቻዋን ብትሰርዝ እንኳ የአንቺ ዕድል ከትናንቱ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አይኖረውም። ዩኒቨርሲቲውም ሰው የሚመርጠው በተርታ ውጤት ብቻ አይደለም። በየትምህርት ዘርፉ ስንት ተማሪ እንደሚያስፈልገው፣ ከየት ከየት እንደመጡ፣ ኦርኬስትራው ምን እንደጎደለው ጭምር ያያል። እሷ ባዮሎጂ፣ አንቺ ምህንድስና ብላችሁ ከሆነ ያመለከታችሁት፣ ወንበራችሁ አንድ ላይሆን ሁሉ ይችላል።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ያደረግሽው ነገር ቀላል ነበር ለማለት አይደለም። እሷን መጉዳት ይችል ነበር፤ አንቺን መጥቀም ግን አይችልም ነበር ለማለት ነው።

«ለእሷ ልተውላትና ሌላ ቦታ ላመልክት?» ብለሻል። በዚህ ምክንያት ከሆነ አታድርጊው። ሳትነግሪያት የምትከፍዪው ካሳ እሷ ያላወቀችው ዕዳ ይሆናል፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን በክርክር መካከል «እኔ ለአንቺ ብዬ» ብለሽ ታወጪዋለሽ። የሚተወውም ነገር ለእሷ አይደርሳትም፤ ቦታው ለማን እንደሚሄድ አንቺ አትወስኚም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአልጋሽ አጠገብ የኖረ ፎቶ ነው፤ መመኘትሽ ጥፋት የለበትም።

ሆኖም ኧርሊ ዲሲዥኑን በሌላ ምክንያት እንደገና እንድታስቢበት እለምንሻለሁ፤ እሱም ገንዘብ ነው። ኧርሊ ዲሲዥን አስገዳጅ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ አንቺ፣ ወላጅሽና የትምህርት ቤቱ አማካሪ ትፈርሙበታላችሁ፤ ከተቀበሉሽ ሌሎቹን ማመልከቻዎች ትሰርዣለሽ። የሰጡሽ ድጎማ ቤተሰብሽ ሊከፍለው የማይችለው ሆኖ ከተገኘ ልትለቂ ትችያለሽ። የማትችዪው የአንዱን ዩኒቨርሲቲ ድጎማ ከሌላው ጋር አስተያይቶ መምረጥ ነው። አባትሽ ሌሊቱን ሙሉ መሪ ይዞ የሚያድር ሰው ነው፤ ይህን ወረቀት ሳያውቀው እንዳይፈርም። ከ2011 ጀምሮ በሕግ መሠረት እያንዳንዱ የፌዴራል ድጎማ የሚቀበል ኮሌጅ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የሚባል የወጪ ማስሊያ ድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ነፃ ነው፤ የወላጆችሽን የግብር ወረቀት ይዘሽ ብትቀመጪ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። በመጪው የዕረፍት ቀኑ ከአባትሽ ጋር አንድ ላይ ሙሉት። የሚወጣው ቁጥር ግምት ነው፤ ግን ቤተሰብሽ ሊሸከመው ይችል እንደሆነ ያሳያችኋል። ካስደነገጣችሁ በመደበኛው ጊዜ ማመልከት አለ። የብዙዎቹ የመጨረሻ ቀን ጃንዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ መልሶቹን ሁሉ ዘርግተሽ እስከ ሜይ 1 ትመርጫለሽ።

በኧርሊ ዲሲዥኑ ከጸናሽም ያንን አንድ በር ብቻ ይዘሽ አትቁሚ። ቨርጂኒያ ውስጥ መኖር ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዊሊያም ኤንድ ሜሪ፣ ቨርጂኒያ ቴክ፣ ጆርጅ ሜሰን የግዛቱ ነዋሪ ልጆች ከሌላው ባነሰ ክፍያ የሚማሩባቸው ናቸው። አስገዳጅ ባልሆነው ኧርሊ አክሽን ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጎን ለጎን ማመልከት በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ከትምህርት ቤትሽ አማካሪ ጋር አረጋግጪው።

ደግሞ ስለዚህ ታዋቂነት ስለሚባለው ነገር አንድ ጥናት ልጥቀስልሽ። ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1976 ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎችን ተከታትለው በ2002 ባወጡት ሥራ፣ ይበልጥ መራጭ በሆኑ ኮሌጆች ተቀባይነት አግኝተው ብዙም መራጭ ወዳልሆነው የሄዱ ተማሪዎች በኋላ ያገኙት ገቢ ወደ መራጮቹ ከሄዱት ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይተዋል። ይህን አንስቶ «የት መግባት ምንም ለውጥ የለውም» ማለት ቀላል ነበር። እኔ ግን አልልሽም፤ ያው ተመራማሪዎች በዚያም ሆነ በኋላ ባወጡት ሥራ ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ፣ ጥቁርና ሂስፓኒክ የሆኑ፣ ወላጆቻቸው ብዙ ያልተማሩ ልጆች ከመራጭ ኮሌጆች የተለየ ጥቅም ማግኘታቸውን አይተዋል። እንደ አንቺና እንደ ጓደኛሽ ላሉ ልጆች በሩ ትርጉም አለው። መመኘታችሁ ሞኝነት አይደለም። ሁለታችሁም ብትገቡ ምን ያህል እንደምትጠቃቀሙም እዚያ ላይ አስቢ፤ በዚያ ግቢ የመጀመሪያው ክረምት ሲመጣ አማርኛ የምታወራ አንድ ሰው ማግኘት ብርቅ ሊሆን ይችላል።

እናትሽን በተመለከተ ጥቂት ብቻ እላለሁ። የት እንዳመለከትሽ ለራስሽ መያዝ የአንቺ ነገር ነው፤ ብዙ ቤተሰብ እንዲያ ያደርጋል፤ ያልሆነ ነገር ሲወራ የሚያመጣውን ሐፍረት እናትሽ ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። አስቢው፤ አንቺ ግን የት እንዳመለከትሽ ደብቀሽ አይደለም የተጎዳሽው። ምክር የጠየቀችሽን ሰው በማሳሳት ነው። እናትሽ ዝም በዪ አለች እንጂ አሳስቻት አላለችም። ይህን ለይተሽ ያዢው፤ በእሷ ላይም አትቆጪ፤ «ወዳጅ የለም» ያሰኛት ስለ አንቺ የፈራችው ፍርሃት ነው።

ዲሴምበር አጋማሽ ላይ መልሱ ሲመጣ የሚሆነውንም ከአሁኑ አስቡበት፤ እሷ በዚያን ጊዜ እያናገረችሽ ከሆነ ማለቴ ነው። መልሱ የሚለቀቀው ለሁሉም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት ነው። መግባት አለ፣ አለመግባት አለ፣ ወደ መደበኛው ዙር መተላለፍም አለ፤ ለሁለት ሰው ሲሆን ብዙ ዓይነት ምሽት ይሆናል። በዚያ ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ አትሁኑ። እያንዳንዳችሁ ከቤተሰባችሁ ጋር ክፈቱት፤ እስከ ማግስቱ ጠዋት ማንም ማንንም ላይጠይቅ ተስማሙ፤ መጀመሪያ መናገር የሚችለው ይናገር። እናቶቻችሁም ያን ምሽት ስልክ እንዳይደዋወሉ ለምኗቸው። የገባው በነፃነት እንዲደሰት፣ ያልገባውም ለማንም ሳይስቅ እንዲያለቅስ አንድ ሌሊት ያስፈልገዋል።

አሁን የሚቀረኝ አንድ ልመና ነው። እናትሽ ይህን ዓምድ ጮክ ብላ እንደምታነብ ነግረሽኛል። ጓደኛሽ ስትነግሪያት ለእናቷ መንገሯ አይቀርም፤ እናቷም ለእናትሽ ትደውላለች። ከዚያ ስልክም ሆነ ከዚህ ገጽ በፊት ከአንቺ አፍ ትስማው። ወጥ ቤት ስትሆን ተጠግተሽ፣ አባትሽ ሳይወጣ ወይም ከወጣ በኋላ፣ እንደሚቀልሽ አድርጊ። ደብዳቤሽን እንዳወጣው የምትፈቅጂልኝም ከዚያ በኋላ ይሁን። እስከዚያ ድረስ መሳቢያዬ ውስጥ ይቆያል። ስለ ፊደሉ ደግሞ አትጨነቂ፤ ያረምኩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ እሑድ ስትደውል ለአያትሽ ይህን ንገሪልኝ።